የቤት መሥሪያ ዕቃ ምርጫና የነጋዴው ድርሻ

ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ያሰቡት በ1892 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ምክንያቱም ጠላት አልነበረም፥ በሽታም አልነበረም፤ የእንጨት ማለቅ ነበር። በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለምሰሶ፥ ለማገርና ለማገዶ እየተቈረጠ ስላለቀ፥ ቤት መሥራት የሚሻ ሁሉ እንጨቱን ከሩቅ ማስጫን ግድ ሆነበት። ከተማይቱ ከተቈረቈረች ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ልትፈታ ተቃረበች። ከዚህ ያዳናትም ከባሕር ማዶ የመጣ የአውስትራልያ ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ የሚለውን ስም ያሰጠውም ይኸው የመጣበት መንገድ ነው። ቶሎ የሚያድግ፥ ሲቈርጡትም ከጉቶው እንደ ገና የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማይቱን ከብቦ ለቤት ሠሪው አጣና፥ ለባለ ምድጃው ማገዶ ሆነ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ የቤት መሥሪያው ዕቃ ተለውጧል። ምሰሶው ኮንክሪት፥ ማገሩ ፌሮ፥ ግድግዳው ብሎኬት፥ ክዳኑ ቆርቆሮ ሆኗል። ሐሳቡ ግን ያው ነው። በዛሬው ቤት ሥራ የሚያልቀው ደን ብቻ አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪም፥ የድንጋይ ከሰልም፥ ንጹሕ አየርም አብረው ያልቃሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል ብር እንደሚጠይቅ ለአስመጪው መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ለአየርና ለደን የሚበጀው የቤት መሥሪያ ዕቃ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ፥ ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚተው ሳይሆን የንግድ ጥያቄ ሆኗል።

ነገሩ በኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች የሚለይበት አንድ ምክንያት አለ። በዓለም ላይ ከኃይልና ከኢንዱስትሪ ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚባለው ጋዝ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከሕንፃና ከሕንፃ ሥራ የሚነሣ ነው። በብርዳም ወይም እጅግ ሞቃት በሆኑ አገሮች የዚህ ትልቁ ክፍል የሚወጣው ቤቱ ከተሠራ በኋላ፥ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ በሚነደው ነዳጅ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፥ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ሳያስፈልግ የሚኖርባት ከተማ ናት። መብራቱም የሚገኘው በብዛት ከውሃ ኃይል ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት ዐቅም አለው። ስለዚህ የወጥ ቤቱ ማገዶና ከሰል ካልተቈጠረ በቀር፥ የአንድ የኢትዮጵያ ከተማ ቤት ጭስ አብዛኛው የሚወጣው ባለቤቱ ገብቶ ሳይቀመጥበት በፊት ነው፤ ይኸውም ሲሚንቶው ሲቃጠል፥ ብረቱ ሲቀልጥ፥ ዕቃው ሲጓጓዝ ነው። ይህም ማለት ምርጫው የሚፈጸመው በባለሱቁ ባንኮኒ ላይ ነው ማለት ነው። ደንበኛው ብዙ ጊዜ መሐንዲስ የለውም፤ ያለው አንድ ግንበኛና የሚያምነው አንድ ዕቃ ሻጭ ነው። «የቱ ይሻለኛል?» ብሎ የሚጠይቀውም ይህንኑ ሻጭ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ሲሚንቶ ማውሳት ተገቢ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ በሚግል ምድጃ ሲቃጠሉ ነው፤ ከምድጃው የሚወጣው ጥቍር ጠጠር መሰል ነገር ክሊንከር ይባላል። አንድ ቶን ክሊንከር ለማግኘት ከ800 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። ከዚህም ከግማሽ በላይ የሆነው ከከሰሉ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ምድጃው በምንም ዓይነት ነዳጅ ቢሞቅ ይህ ክፍል አይቀርም። የሚቀነሰው ክሊንከሩ ራሱ ሲቀነስ ብቻ ነው።

ክሊንከሩን የሚቀንሰው ዘዴ ደግሞ አዲስ አይደለም። የጥንት ሮማውያን በናፖሊ አጠገብ ካለችው ከፖዙዎሊ የሚወጣውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር እየቀላቀሉ ውሃ የማይበግረው ግንብ ይገነቡ ነበር። ፖዞላና የሚለው ስም የመጣው ከዚህች ቦታ ነው። በሮማ ከተማ በ126 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ገደማ የተፈጸመው ፓንቴዎን የሚባለው ቤተ ጣዖት፥ 43 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጣራው አንድም ፌሮ ሳይገባበት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የጣራውም የላይኛው ክፍል እንዲቀል ሲሉ ሠሪዎቹ ቀላሉን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፥ ፑሚስን ጭምር፥ ጨምረውበታል።

ይህ ድንጋይ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በየኰረብታው የተከመረ ነው። የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ፑሚስን ከክሊንከር ጋር እየፈጩ የሚያወጡት ሲሚንቶ በገበያ ፒፒሲ የሚባለው ነው፤ ጥቂት ጂብስ ብቻ ተጨምሮበት በብዛት ከክሊንከር የሚሠራው ደግሞ ኦፒሲ ይባላል። ፋብሪካዎች በሚከተሉት ደረጃ መሠረት፥ በእንዲህ ያለው የፖዞላና ሲሚንቶ ውስጥ የፑሚሱ ድርሻ ከመቶ ከ21 እስከ 35 ሊደርስ ይችላል። በዚያው መጠን ክሊንከሩ ይቀንሳል፤ ከሰሉም፥ ጋዙም፥ ከሰሉ ከውጭ የሚገባ ከሆነ ምንዛሪውም ይቀንሳል። እንግዲህ አንድ ባለሱቅ ለግንብና ለልስን ሲሚንቶ ለሚፈልግ ደንበኛ ፒፒሲውን ቢያቀርብለት፥ አንዳች ተጨማሪ ወጪ ሳያወጣ ከአንድ ትልቅ የአየር ጥበቃ ሥራ ተካፍሏል ማለት ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በገበያም የሚሰማው ቅሬታ ከዚህ የሚመነጭ ነው። በከረጢቱ ላይ የሚታተመው 32.5 ወይም 42.5 የሚለው ቍጥር ጌጥ አይደለም። ሲሚንቶው ከተቦካ ከ28 ቀን በኋላ የሚኖረው ጥንካሬ መለኪያ ነው። ባለ 32.5ቱ ፒፒሲ ለግንብ፥ ለልስን፥ ለወለል ንጣፍና ለብሎኬት የሚስማማ ሲሆን፥ የፎቅ ቤት ምሰሶና ወለል የሚሸከም ኮንክሪት ግን መሐንዲሱ ባዘዘው ሲሚንቶ፥ ብዙውን ጊዜም በባለ 42.5ቱ ይሠራል። ደግሞም የፖዞላና ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ እያለ ስለ ሆነ፥ ብዙ ቀን ውሃ ይፈልጋል። ኦፒሲ ሰባት ቀን ውሃ ቢጠጣ፥ ፒፒሲ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን ሊጠጣ ይገባዋል። ግንበኛው በሦስተኛው ቀን ውሃውን አቋርጦ በአራተኛው ቀን ቅርጽ እንጨቱን ቢያነሣ፥ ስንጥቁ ሲታይ የሚወቀሰው ሲሚንቶው ነው፤ ሲሚንቶውን የሸጠውም ይወቀሳል። ሻጩ ከረጢቱን ሲያስጭን ይህን ሁለት ቃል ለመናገር የሚያጠፋው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ የሚያተርፈው ግን ደንበኛውን ነው።

ስለ አቀማመጥም እንዲሁ ነው። ሲሚንቶ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ሦስት ወር ያህል በመጋዘን ከተቀመጠ ከጥንካሬው አንድ አምስተኛ ያህል ሊያጣ ይችላል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ በጠፋበት ጊዜ ያገኘውን ሁሉ ከምሮ ያኖረ ብዙ ነበር፤ ጠጥሮ የተጣለው ሁሉ ደግሞ በከንቱ የነደደ ከሰል ነው። መስከረም 2017 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ የለሚ ፋብሪካ ተመርቆ አቅርቦቱ ከሰፋ ወዲህ እንዲህ ያለ ክምችት የሚጠቅመው ሰው ካለ ጥቂት ነው። ከረጢቱ ከወለሉ ከፍ ባለ እንጨት ላይ፥ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፥ ከዐሥር ደርብ ሳይበልጥ ይደረደር፤ አስቀድሞ የገባውም አስቀድሞ ይውጣ። ይህን የማያውቅ ባለ መጋዘን ባይኖርም የማያደርገው አለ።

ወደ ፊት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሲሚንቶ ወደ ገበያ ሊመጣ ይችላል። የኩባ፥ የሕንድና የስዊስ ተመራማሪዎች ያወጡት ይህ ሲሚንቶ ከግማሽ የማይበልጥ ክሊንከር ብቻ ያለው ነው፤ የቀረው ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ብቻ የተጠበሰ ሸክላ አፈርና ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ጋዙን ከመቶ ከ30 እስከ 40 ድረስ ይቀንሳል። በፋብሪካ ሥራ ገንዘባቸውን ለማዋል የሚያስቡ ነጋዴዎች ሊያጠኑት የሚገባ ነው።

ብሎኬትን በሚመለከት አገሩ አስቀድሞ መልካም መንገድ ይዟል። በፑሚስ ወይም ሬድ አሽ በሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራው ብሎኬት፥ በተፈጨ ጥቍር ድንጋይ ከሚሠራው እጅግ ይቀላል። ስለዚህ አንድ የጭነት መኪና ብዙ ይጭናል፤ ምሰሶና መሠረቱም የሚሸከመው ክብደት ስለሚያንስ ፌሮው ይቀንሳል። ሙቀትና ብርድም በቶሎ አያስገባም። ጉድለቱ በአሠራሩ ላይ ነው። ብዙ ብሎኬት አምራቾች ከቅርጹ ያወጡትን በዚያው ቀን ለፀሐይ አስጥተው ውሃ ሳያጠጡት ይሸጡታል፤ እንዲህ ያለው ብሎኬት ከመኪና ሲወርድ ጥጉ ይረግፋል። ከአምስቱ አንዱ ተሰብሮ የሚደርሰው ርካሽ ብሎኬት ርካሽ አለመሆኑን ገዥው የሚያውቀው ግድግዳው ሳያልቅ ብሎኬቱ ሲያልቅበት ነው።

አሁን ወደ ክዳኑ ይመጣል። በኢትዮጵያ ከተሞች ቆርቆሮ የሣርን ክዳን ከተካ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ለቤት ሠሪው ዋና ወጪ ከሚሆኑት አንዱም እስከ ዛሬ እርሱ ነው። ብረቱም፥ ዚንኩም በብዛት ከውጭ የሚመጣ ነው። የቆርቆሮ ውፍረት የሚለካው ጌጅ በሚባለው ቍጥር ሲሆን፥ ቍጥሩ በጨመረ ቍጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። ይህን አንዳንድ ገዥ በተቃራኒው ያስበዋልና 35 ሲባል ከ28 የሚበልጥ ይመስለዋል። ባለ 28ቱ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ባለ 35ቱ ግማሹን ያህል ብቻ ነው።

ስስ ቆርቆሮ ዋጋው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ይሸጣል። ነገር ግን በነፋስ ይገነጠላል፤ አናጢው ሲረግጠው ይጎደጉዳል፤ ሚስማር የገባበት ቀዳዳ ይሰፋና ከዚያ ዝገት ይጀምራል። ባለቤቱ ሁለተኛ ጊዜ ሲከድን ብረቱ ሁለት ጊዜ ቀልጧል፥ ምንዛሪው ሁለት ጊዜ ወጥቷል። ወፍራሙን አንድ ጊዜ መግዛት ለአየርም ለኪስም የሚበጀው ስለዚህ ነው። ዐቅሙ የማይፈቅድለት ደንበኛ ግን አለ፤ በዕቁብ ገንዘብ ሁለት ክፍል ቤት የሚከድን ሰው በወፍራሙ ልክደን ቢል ገንዘቡ አንዱን ክፍል ብቻ ይበቃ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሰጠው ምክር ሌላ ነው፤ ይኸውም ማገሩ የደረቀ እንጨት ይሁን፥ ምክንያቱም እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እየተጣመመ ሚስማሩን ይነቅላል፤ ሚስማሩም በሸለቆው ሳይሆን በጀርባው ላይ ከነጎማው ይመታ፥ ውሃው የሚወርደው በሸለቆው ነውና። በዚህ የተከደነ ስስ ቆርቆሮ፥ በግዴለሽነት ከተከደነ ወፍራም ይልቅ ሊቈይ ይችላል።

ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ የሚግል፥ ሌሊት የሚበርድ፥ በዝናብ ጊዜ ሰው የማያሰማማ መሆኑን ሁሉ ያውቀዋል። የቀድሞ ሰዎች ከሥሩ አቡጀዲ ይወጥሩ ነበር፤ በኋላም የቺፑድ ኮርኒስ መጣ። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዚህ ችግር ያገኘው መልስ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። የመንደሩ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ ፍራንሲስ ኬሬ ክፍሎቹን በአገሩ ሸክላ አፈር ጡብ ሠርቶ፥ በዚያው ጡብ ኮርኒስ ከደነባቸው። ቆርቆሮውን ግን ከኮርኒሱ ጋር አላጣበቀውም፤ በቀጭን ፌሮ በተበየደ መሸከሚያ ከፍ አድርጎ ለየው። በመካከሉ ነፋስ እየነፈሰ ትኵሱን አየር ይወስደዋል። ይህ ሰው በ2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፕሪትዝከር የሚባለውን ከፍተኛ የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ለዕቃ ሻጩ ትምህርት የሚሆነው ግን ሽልማቱ ሳይሆን ዕቃው ነው፤ ቆርቆሮና ፌሮ ብቻ ነው፥ ሁለቱም በማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገኙ። ለድሬዳዋና ለአፋር ቆላ ቤት ሠሪዎች እንዲህ ያለው አሠራር ይልቁን ይጠቅማል።

ስለ ጭቃ ቤት ብዙ ሰው ሲነሣበት ፊቱን ያጠቍራል፤ የድኻ ቤት ነው ይላል። የሐረር ጀጎል ቤቶች ግን ከድንጋይና ከጭቃ ተገንብተው ኖራ የተቀቡ፥ ግድግዳቸው የወፈረ፥ ቀን ቀዝቃዛ የሆኑ የነጋዴ ቤቶች ነበሩ። የትግራይ ህድሞም ድንጋይና አፈር ነው። ጭቃን የሚጎዳው ከታች የሚወጣ እርጥበትና ከላይ የሚወርድ ዝናብ ስለ ሆነ፥ መሠረቱ ድንጋይ፥ የክዳኑ ጠርዝም ሰፋ ያለ ከሆነ ረጅም ዘመን ይኖራል። ከዚህም በላይ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሲንቫ ራም የሚባል በእጅ የሚሠራ የአፈር መጫኛ ማሽን ተፈልስፎ ነበር። አፈሩ ከመቶ ከ5 እስከ 10 ሲሚንቶ ብቻ ተጨምሮበት ተጭኖ ሳይቃጠል ጡብ ይሆናል። ለአንድ ወረዳ ባለሱቅ ማሽኑን ገዝቶ ማከራየት ቆርቆሮ ከመቸርቸር የማያንስ ገቢ ሊሰጠው ይችላል፤ ባይሆን እንኳ ሲሚንቶውን የሚሸጠው እርሱ ነው።

እንጨትና ቀርከሃ ያደጉበትን ካርቦን በውስጣቸው ይዘው ስለሚቈዩ፥ ቤቱ እስከ ቆመ ድረስ ጋዙ ከአየር ተለይቶ ይቀመጣል። ባሕር ዛፍ በብዛት የሚገኝ ነው። ጠላቱ ግን ምስጥ ነው። ምስጡን ለመከላከል የምሰሶውን እግር በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ይህ ግን አፈሩንና የጉድጓዱን ውሃ የሚመርዝ መጥፎ ልማድ ነው፤ ሻጮችም ባያግዙት መልካም ነው። የሚሻለው እንጨቱ አፈር እንዳይነካ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት እግር ላይ ማቆም ነው።

ቀርከሃ ለብቻው የሚነሣ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ሁለት የአገር ተወላጅ ዓይነቶች አሏት፤ አንዱ በአዊ፥ በሲዳማና በመሳሰሉት ደጋዎች የሚበቅለው፥ ሌላው በቤኒሻንጉል ቆላ የሚበቅለውና ውስጡ ድፍን የሆነው ሽመል ነው። የሁለቱ ደን ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር እንደሚበልጥ ይገመታል። የዶርዜ ሰዎች ረጃጅም ቤታቸውን የሚሠሩት በዚሁ ነው። ዛፍ ለመቈረጥ ብዙ ዓመት ሲፈልግ፥ ቀርከሃ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሥራ ይደርሳል፤ ሲቈረጥም ሥሩ አይሞትም። ታዲያ ለምን በአጥርና በወንበር ብቻ ተወሰነ ቢባል፥ ምክንያቱ ነቀዝ ነው። በቀርከሃው ውስጥ ያለው ስታርች ነቀዙን ስለሚስበው፥ ሳይታከም የተሠራበት በጥቂት ዓመታት ዱቄት ይሆናል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ሦስት እጅ ቦራክስና ሁለት እጅ ቦሪክ አሲድ ተቀላቅሎ፥ ከመቶ ከ5 እስከ 8 በሆነ መጠን በውሃ ይሟሟል። ቀርከሃው በበጋ ተቈርጦ አንጓው ከተበሳ በኋላ፥ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ በዚህ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም በጥላ ይደርቃል። መድኃኒቱ በዝናብ የሚታጠብ ስለ ሆነ፥ የታከመው ቀርከሃ ከክዳን በታች ለሚሆን ሥራ ብቻ ይውላል፤ አፈር ውስጥ አይተከልም። ዱቄቱም ከእህልና ከሕፃናት ርቆ መቀመጥ ይገባዋል። ከዓለም ቦሮን ብዙውን የምታወጣው ቱርክ ስለ ሆነች፥ ከዚያ አገር ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ከብረታ ብረቱና ከቧንቧው ጋር ሊያስመጡት የሚችሉት ነገር ነው። አንድ ቶን ቦራክስ የሚያድነው ቀርከሃ፥ በዚያው ምንዛሪ ከሚመጣ ብረት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ነው።

መርካቶ የዛሬው ዓለም «መልሶ መጠቀም» እያለ የሚሰብከውን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበው ብረት፥ በርና ቆርቆሮ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። አሮጌው ቆርቆሮ ምድጃና ባልዲ ይሆናል፤ የማይጠገነው ቁርጥራጭ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲቀልጥ ከማዕድን ብረት ከማውጣት እጅግ ያነሰ ኃይል ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪኩም ከውሃ የተገኘ ከሆነ ጭሱ ይበልጥ ያንሳል። የሚያሳዝነው የአሮጌ ቤቶች ጥርብ ድንጋይና የጽድ ወራጅ በአፈራረሱ ጊዜ ተቀጥቅጦ ከፍርስራሽ ጋር መደፋቱ ነው። የመቶ ዓመት ጽድ ዛሬ በገንዘብ አይገኝም። አፍራሹ በጥንቃቄ ቢያፈርስና የሚገዛው ነጋዴ ቢኖር፥ ከጥቂት በሮች ዋጋ የሚበልጥ ሀብት ነው።

የመስታወት ፎቆች ነገር በአጭሩ ይነገራል። ከላይ እስከ ታች መስታወትና አሉሚንየም የለበሰ ሕንፃ፥ በደጋ አየር ውስጥ ቆሞ ማቀዝቀዣ የሚጠይቅ ሕንፃ ነው። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፥ እርሷም ደጋ ናት፥ በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው ኢስትጌት የሚባለው የሱቆችና የቢሮዎች ሕንፃ ተራ ማቀዝቀዣ ሳይኖረው የሚሠራ ነው። መሐንዲሱ ሚክ ፒርስ ሐሳቡን የወሰደው ከምስጥ ኩይሳ ሲሆን፥ ወፍራሙ ኮንክሪት የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ቀን ይሰጣል፤ መስኮቶቹም በጥላ የተጋረዱ ናቸው። መስታወት አስመጪው ከዚህ የሚጎዳ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ነገር ግን ጥቂት፥ ጥሩና በጥላ የሚጋረድ መስኮት ከብዙ ተራ መስታወት ያላነሰ ትርፍ አለው። ቀለም የሚያስመጡም በኢትዮጵያ ደንብ መሠረት በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን ከ90 ክፍል በሚሊዮን የማይበልጥ መሆኑን ከሻጩ ፋብሪካ የምስክር ወረቀት ሊጠይቁ ይገባቸዋል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ነውና።

ላኪዎችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። የአውሮጳ ኅብረት ወደ ገበያው በሚገቡ ሲሚንቶ፥ ብረት፥ አሉሚንየምና ጥቂት ሌሎች ዕቃዎች ላይ በአሠራራቸው በወጣው ጋዝ መጠን ክፍያ የሚጠይቅ ሥርዐት አውጥቶ፥ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል። ከኢትዮጵያ ወደዚያ የሚላከው እንዲህ ያለ ዕቃ ጥቂት ቢሆንም፥ የከሰልና የመብራት መዝገቡን ዛሬ በትክክል መያዝ የጀመረ ፋብሪካ፥ ነገ ሲጠየቅ መልስ አያጣም።

የሕንፃ ዕቃ ገበያ በክረምት ይቀዘቅዛል። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፥ ከጥቅምት ጀምሮ ቤት ሠሪው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ሱቅ ይመጣል። ባለሱቆች እስከዚያ ድረስ ጌጁን ከቆርቆሮው ጎን፥ ጥንካሬውን ከሲሚንቶው ጎን በግልጽ ጽፈው ሊሰቅሉ፥ አንድ የውፍረት መለኪያም ከባንኮኒው ላይ ሊያኖሩ ይችላሉ። ቦራክሱ በጥቅምት ከመደርደሪያው እንዲገኝ የሚፈልግ አስመጪ ግን፥ የባንኩ ፈቃድ፥ መርከቡና የጅቡቲው መንገድ ሲታሰቡ፥ ትእዛዙን በግንቦት መላክ ይኖርበታል።